ድመት ፍለጋ

ነፋሱ ሌሊቱን ከባሕሩ ወጥቶ፣
ሉነንበርግን ሲያምስ አደረ፣ ጣራ ጣራዋን መትቶ፤
ጠዋት ስልኬ ጮኸ፣ ደጋግሞ ደጋግሞ፣
ያገሩ ዛፍ ሁሉ የተኛ ነው ታሞ፤
እኔ ደግሞ ሐኪም ነኝ፣ በመጋዝ የማክም፣
በሽተኛዬ ግን የት አመመኝ አይል፣ ዝም።

«ሙሪየል ዝዊከር ነኝ፣ ከጀልባ ሠሪዎች ሰፈር፣
ሜፕሌ ጣራዬ ላይ መጥቶ ነው የሚያድር።»
«የተጎዳ ሰው አለ?» «የለም፣ እስካሁን ድረስ፤
ግን የልጄ ባል መጥቷል፣ መጋዝ ይዞ ሊጨርስ።»

ስደርስ፣ እውነትም፣ ኮሪ መሰላል ላይ ነበር፤
በቀኙ መጋዙን፣ በግራው ጣሳ ቢራ ይዞ ሲፈክር።
«ውረድ» አልኩት። «ለምን?» «ከእግርህ ሥር እይ።»
የመብራቱ ሽቦ፣
ጥቁር፣ ዝም ያለ፣ ከእርጥቡ ሣር ላይ።
ዝም ያለ ሽቦ የሞተ ሽቦ አይደለም፤
የተኛ እባብም ተኝቻለሁ አይልም።
ደወልን። ጠበቅን። ሁለት ሰዓት ሙሉ።
ውሻውን እንኳ አሰርነው፤ እኛም ዳር ቆምን ሁሉ።

ሜፕሉ ከባላው ተሰንጥቆ ለሁለት፣
አንዱ ክንድ ጣራው ላይ፣ አንዱ ቆሞ እንደ ድሮው ዕለት፤
ጣራው ቅርንጫፉን፣ ቅርንጫፉ ጣራውን፣
ተደጋግፈው አድረው፣ ማን ይወቅ ያዡን?
የታጠፈ እንጨት ቂም ይይዛል፤
ባልተገባ በኩል ከነኩት፣ ጥርስ ያወልቃል።
ላይ ደግሞ፣ ከቅጠሉ መሃል ተንጠልጥሎ፣
አንድ የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ «ማን ይለፍ ከሥሬ?» ብሎ።
ለኮሪ አሳየሁት። አየ፤ ቢራውን አስቀመጠ።

ሙሪየል ከአጥሩ ማዶ ቆማለች፤ የባሏ ካፖርት ውጧታል።
«የኢንሹራንሱ ሰውዬ በስልክ ‹ይገንደስ› ይላል፤
ኤልደን ምን ይል ነበር? ሰባት ዓመት ሙሉ እጠይቀዋለሁ፣
ዝም ይላል፤ ያኔም ዝም ይል ነበር፤ ለምጃለሁ።»
ተንበረከኩና ሥሩን ዙሪያውን ዳሰስኩ፣
አፈሩ ተነቃንቆ እንደሁ በጣቴ ፈተሽኩ።
«ሥሩ ካልተነሳ፣ ግማሽ ቅጠል ካለው፣
ዛፍ በአንድ ጎኑ መኖርን ያውቃል፤ እንተወው።»

ወጣሁ። በመጀመሪያ ከታች አንድ ጭረት፣
ቀጥሎ ከላይ፣ ራቅ አድርጎ፣ ሸክሙን ለመሸኘት፣
በመጨረሻም ጉቶውን፣ ከአንገቱ ሳልነካው፣
ቅርፊቱ ቀስ እያለ፣ ባመታት እንዲተካው።
(ቀለም ይቀባ ወይ? ስትለኝ፣ «ተዪው» አልኳት፣ «ይተንፍስ፤
እሱ ያውቅበታል ቁስሉን ሲያለብስ።»)

ከባላው ስደርስ ግን መጋዙ እሳት ተፋ፤
ሰንሰለቱ ላላ፣ ጥርሱ ረግፎ ጠፋ።
ከእንጨቱ ልብ ውስጥ፣ በቀለበት ታጥሮ፣
ብሎን፤ አውራ ጣት የሚያህል፤ ዳዶው ከነዝገቱ ታስሮ።
ሁለቱን ክንድ ወግቶ አንድ ላይ የሰፋው፣
ዛፉ ዋጥ አድርጎት፣ ቅርፊት ከላዩ የደፋው።
ቀለበቱን ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት።
ስንጥቁ ወርዶ ወርዶ፣ ብሎኑ ጋ ሲደርስ ቆመ፤
ለዚህ ነው ክንዱ ያልወደቀው፣ ጣራው ላይ ብቻ የዘመመ።
ከጣራው ሥር አልጋዋ ነበር፤ እሷም አልጋዋ ላይ።

አወጣሁላት። መዳፏ ላይ አኖርኩት፣ ገና ትኩስ።
አገላበጠችው፤ ዝገቱን ጠረገችው፣ ቀስ በቀስ።
«አንድ መኸር» አለች፣ «ከጀልባ ሥራው ቀርቶ፣
ጫማው ብቻ ይታየኛል፤ ሌላው ቅጠል መሃል ገብቶ።
‹ምን ትሠራለህ?› ብለው፣ ‹ድመት ላወርድ ነው› አለኝ፤
እኔም መስኮቱን ዘጋሁ፤ ብርዱ ነበር ያስቸገረኝ።»

ብሎኑን ካፖርቱ ኪስ ከተተችው፤ ኪሱ ወረደ።
ኮሪ ቅጠል ይጠርጋል። ጉሙ ከወደቡ ላይ ሄደ።
የሂሳቡን ወረቀት ጻፍኩ፤ ሰጠኋት፤ አላየችውም።

«ድመት እኮ» አለች፣ «አልነበረንም።»